የፀዳል የሐሙስ ታካሚዎች

ፀዳል ሕሩይ የሕክምና ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን አባቷን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላት ጀመር። ሱቅ በርበሬ ስትገዛ ዶክተር፣ ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ በኋላ ወንበር ስትደረድር ዶክተር። አባቷ አቶ ሕሩይ «ኧረ ተዉ፣ ገና ተማሪ ናት» ይላሉ፤ ደስታቸውን ግን መደበቅ አይችሉበትም ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ሲመጡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ መጀመሪያ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየተቀበሉ፣ በኋላ የመንገደኛ ሚኒባስ እየነዱ፣ እናቷ ወይዘሮ ውባየሁ ደግሞ ሴንቴኒያል ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከቡ አሳደጓት። አውሮራ ውስጥ ከሃቫና መንገድ ጀርባ ያለችው ቤታቸው የአበሻ እግር የማይለያት ቤት ናት፤ ከእንግዶቹ አንዱ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖረው ፀዳልን አስከትሎ ይሄዳል። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የጎረቤቱን ሁሉ ሕመም ታውቅ ነበር። ሰዎቹ ለሐኪሙ የሚናገሩትንም፣ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ለእሷ የሚናገሩትንም ታውቃለች። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሐኪም ልሁን ያሰኛትም ይኸው ነው።

የገባችበት ትምህርት ቤት ዴንቨር ውስጥ ያለ፣ ብዙ ስም የሌለው ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከታካሚ ጋር መነጋገርን የሚማሩበት ክፍለ ጊዜ ነበራቸው። ታማሚ መስለው የሚቀመጡ ተዋንያን ይመጣሉ፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ይጠይቋቸዋል፤ መምህሯ ዳር ላይ ሆነው ያርማሉ። አንድ ቀን የመጣችው ተዋናይ ራሷ ላይ ሻሽ አስራ፣ እንግሊዝኛዋን ሆን ብላ እየሰባበረች ቁጭ አለች። ለተማሪዎቹ የታደለው ወረቀት ከአፍሪካ የመጣች ስደተኛ መሆኗን፣ መድኃኒቷን በትክክል እንደማትወስድና ሐኪም እንደማታምን ይናገራል። ተማሪዎቹ ገቡ፣ ጠየቁ፣ መከሩ፣ ወጡ። ለምን እንደማትወስድ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። ቢጠይቋትም መልሱ አልተጻፈላትም።

ፀዳል በተራዋ ገብታ ጠየቀች፤ ማርኳንም አገኘች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ግን ወደ መምህሯ ሄደች። ዶክተር ሃርመን ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሰው ሲያናግራቸው የያዙትን አስቀምጠው የሚሰሙ ሴት ናቸው።

«ይህች ሴት የለችም» አለቻቸው።

«የትኛዋ?»

«ዛሬ የመጣችው። የእናቴን ጓደኞች አውቃለሁ፣ የአባቴን ጓደኞች አውቃለሁ። እንደዚህች ያለ ሰው አላውቅም። ለምን እውነተኞቹን ሰዎች አናመጣም?»

ዶክተር ሃርመን ትንሽ አሰቡና «ጥሩ ሐሳብ ነው። አንቺ ትመሪዋለሽ?» አሉ።

ፀዳል እሺ አለች። እሺ ያለችው ሳታስብ ነበር፤ በኋላ ግን ያቺን እሺታ ብዙ ጊዜ አሰበቻት።

ያኔ ትምህርት ቤቱ ከየዘሩና ከየአገሩ የመጡ ሰዎች እንዳይገለሉ የሚሠራ የብዝኃነትና የአካታችነት ቢሮ ነበረው። ቢሮው ሐሳቡን በደስታ ተቀበለ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሚጠቀሙበት ክፍልና አስተርጓሚ ሰጣቸው። ሰው ማምጣቱ የፀዳል ፈንታ ሆነ። መጀመሪያ የመጡላት ሰው አቶ ለገሠ ናቸው፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሽ ለገሠ ነው የምትላቸው። ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ከአባቷ ጋር አብረው የሠሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ከቢንያም ጋር የሚኖሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የእንግሊዝ ኳስ ለማየት እነ ፀዳል ቤት የማይቀሩ ሰው ናቸው። በዚያው ኳስ መሀል ነው ያነሳችባቸው።

«ጋሽ ለገሠ፣ ትምህርት ቤታችን መጥተው ታማሚ ይሆኑልኛል?»

«እንዴት ያለ ታማሚ?»

«ሕመሙን እኛ እንነግርዎታለን። ለምሳሌ ደረቴን ያመኛል ይላሉ፣ ተማሪዎቹ ይጠይቁዎታል።»

ጋሽ ለገሠ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አነሱ። «ሳያመኝ አመመኝ ልበል? እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በአፌ አልጠራም፣ ልጄ።»

አቶ ሕሩይ ሳቁ። «ቲያትር ነው እኮ፣ ለገሠ።»

«ቲያትርም ይሁን። ያመመኝ ነገር አጥቼ ነው ሌላ የምበደረው? ከፈለጋችሁ ያለኝን ልንገራችሁ።»

ፀዳል ያንን አላሰበችም ነበር። ነገሩን ለዶክተር ሃርመን ስትነግራቸው እሳቸውም ወደዱት። እናም ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ሰዎች የራሳቸውን እውነተኛ ሕመም እንዲያወሩ ተወሰነ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ጋሽ ለገሠ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ተማሪዎቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ አስተርጓሚዋ ከጎናቸው ናት፤ ፀዳል ጥግ ይዛለች። ከዋዮሚንግ የእርሻ ቤተሰብ የመጣ አንድ ረጅም ተማሪ ጥያቄውን ጀመረ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ነገሩት። መድኃኒታቸውን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«እወስዳለሁ» አሉ ጋሽ ለገሠ።

ፀዳል ለተማሪዎቹ አስቀድማ የነገረቻቸው አንድ ነገር ነበር፤ ከመልሱ በኋላ ጠብቁ፣ ኮምፒውተሩን አትዩ፣ ሰውየውን እዩ ብላቸዋለች። ልጁ ጠበቀ። ዝምታው ረዘመ። ሌሎቹ ተማሪዎች ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ጋሽ ለገሠ ኮፍያቸውን በጣታቸው ሲያዞሩ ቆዩና አቀርቅረው መናገር ጀመሩ።

«እውነቱን ልንገርህ። አልወስድም። ኪኒኗ ሽንት ታበዛለች። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ኤርፖርት የምሄደው በአውቶቡስ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው። አንድ ጠዋት ሳልደርስ አመለጠኝ። አውቶቡሱ በሰው ተሞልቷል። ካፖርቴን ጠቅልዬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ቆሜ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪኒኗን ሽንት ቤት ነው የምደፋት። ሐኪሜ ትወስዳለህ ወይ ሲለኝ እወስዳለሁ እለዋለሁ። ግፊቱ አልወርድ ሲለው ጊዜ መጠኑን ይጨምርልኛል።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ልጁ «ይቅርታ» አለ።

ጋሽ ለገሠ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረው «ይሄ ልጅ ምን አጠፋና ነው?» ብለው ጠየቁ።

ያን ዕለት ፀዳል ከዶክተር ሃርመን ጋር ተመካክራ፣ ጋሽ ለገሠም ፈቅደው፣ ለሐኪማቸው ተደወለ፤ መድኃኒቱም ሽንት በማያበዛ ተቀየረላቸው። ከወር በኋላ ግፊታቸው ወረደ። ጋሽ ለገሠ ግን ከግፊታቸው ይልቅ ሌላ ነገር ነበር ያስደሰታቸው። ለልጃቸው ለቢንያም «ሐሙስ ሐሙስ ለወደፊት ሐኪሞች አስተምራለሁ» አሉት። ለጎረቤትም፣ ለፀጉር አስተካካያቸውም እንዲሁ ተናገሩ። ሐሙስ ጠዋት ጫማቸውን ራሳቸው ይወለውላሉ። ፀዳል በመኪና ላምጣዎት ስትላቸው አስተማሪ ራሱ ነው የሚመጣው ብለው በሁለት አውቶቡስ ይመጣሉ።

ነገሩ አደገ። ወይዘሮ ከበቡሽ የሚባሉ የስኳር በሽተኛ፣ ከኮልፋክስ መንገድ ማዶ የሚኖሩ አንዲት ሶማሌያዊት እናት፣ ከበርማ የመጡ አዛውንት ተጨመሩ። ቀጠሮ የምትይዘው፣ የሚያመላልስ የምትፈልገው፣ አስተርጓሚ የቀረ ጊዜ የምትሯሯጠው ፀዳል ናት። ትምህርት ቤቱ ወደዳት። ፎቶዋን አሳድገው መግቢያው ኮሪደር ላይ ሰቀሉት። ሽልማት ሰጧት። አዲስ ተማሪ የሚቀበል ኮሚቴ ሲቋቋም ፀዳል፣ የትምህርቱን ይዘት የሚመረምር ቡድን ሲቋቋም ፀዳል፣ እንግዳ ሲመጣ ንግግር የምታደርገው ፀዳል። እምቢ ለማለት አፏን ስትከፍት እሺ ይወጣታል፤ እሷ ከቀረች ማንም እንደማይኖር ታውቃለችና።

በክፍሏ ውስጥ ኢዮብ የሚባል ሌላ የአበሻ ልጅ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ክፉም አይደለም። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፏ ላይ እንቅልፍ ወስዷት አገኛትና ቀሰቀሳት።

«ስሚ፣» አላት፣ «ኤግዛሙ ስንት ሽማግሌ አመላለስሽ ብሎ አይጠይቅሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አታቆሚም? ሌላ ሰው ይያዘው።»

«አንተ ትይዘዋለህ?»

ኢዮብ ቡና ገዝቶላት ሄደ። የቀረውን ዓመት በሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ኮሪደር በኩል አልፎ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚወሰደውን ትልቁን የአገሪቱን ፈተና ፀዳል ወደቀች። ውጤቱን ስልኳ ላይ ያየችው ሃቫና ላይ የእናቷን መድኃኒት ልትወስድ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ነበር። ደጋግማ አየችው። መድኃኒቱን ወሰደች፣ ቤት ገባች፣ እራት በላች። ለማንም አልተናገረችም። እናቷ የፈተናው ውጤት መቼ ነው የሚነገረው ሲሏት «ገና ነው» አለች።

በዚያው ሰሞን አገሩ ተለወጠ። ከዋሽንግተን ትእዛዝ መጣ ተባለ፤ የብዝኃነት ቢሮ የያዘ ትምህርት ቤት የምርምር ገንዘብ ሊያጣ ይችላል ተባለ። ትምህርት ቤቱ ሳይጠይቁት ፈራ። የብዝኃነትና የአካታችነት ቢሮው ሠራተኞች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ ከበሩ ላይ ስሙ ተነሳ። ዶክተር ሃርመን የሐሙሱን ክፍለ ጊዜ ለማትረፍ ብለው ፀዳልን ጠሯትና ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ስለ ክፍለ ጊዜው የተጻፈውን ገለጻ ማጽዳት ነበረባቸው። «ብዝኃነት» የሚለው ወጣ። «አካታች» የሚለው ወጣ። «ስደተኞች» የሚለውን ሊያወጡት ሲሉ ፀዳል ያዘቻቸው።

«ታዲያ ማን እንበላቸው?»

«የማኅበረሰብ አባላት።»

በሳምንቱ «ማኅበረሰብ» የሚለውም ጥያቄ አስነሳ። በሚቀጥለው ሳምንት የቀረው ርእስ «የንግግር ልምምድ» የሚል ብቻ ነበር። የንግግር ልምምድ ከሆነ ደግሞ ተዋንያኑ አሉ፣ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል ተባለ። ክፍለ ጊዜው ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። ዶክተር ሃርመን በዚያው ወር ጡረታ ወጡና ኦሪገን ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሲሰናበቷት አለቀሱ። ፀዳል አላለቀሰችም፤ ሴትየዋ የሚሄዱበት ቦታ እንዳላቸው ብቻ ነበር የታያት።

ከዚያ ስለ ፈተናዋ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ ከተቀመጡት አንዱ ሽልማቱን የሰጧት ሰውዬ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በትሕትና ተናገሩ።

«ከትምህርትሽ ውጭ ባሉ ነገሮች ራስሽን ከልክ በላይ አስጠምደሻል። ቅድሚያ የሚሰጠውን መለየት የሐኪም አንዱ ችሎታ ነው።»

ለምናችሁኝ እኮ ልትል ፈለገች። ፎቶዬን ሰቅላችሁ እኮ ልትል ፈለገች።

«አዎ» አለች።

የዓመት ዕረፍት እንድትወስድና ፈተናውን ደግማ ከተሳካላት ከበታቿ ካለው ክፍል ጋር እንድትቀጥል ተወሰነ። ከስብሰባው ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ፎቶዋ ተነስቷል፤ በቦታው የአዲሱ ጂም ማስታወቂያ ተሰቅሏል። መቼ እንደተነሳ አላወቀችም።

ለሐሙስ ታካሚዎቿ መንገር ነበረባት። ለወይዘሮ ከበቡሽ ደወለች። ለሶማሌያዊቷ እናት ቴክስት አደረገች። የበርማው አዛውንት ቀድሞውንም ፖሊስና ወረቀት የሚጠይቅ ሰው በየመንገዱ አለ የሚል ወሬ ሰምተው መውጣት አቁመው ነበር። ለጋሽ ለገሠ ግን መደወል አቃታት። ስልኩን አንስታ ታስቀምጣለች። ነገ እላለሁ ትላለች። ምክንያቱን ራሷም አታውቀውም፤ ምናልባት ከሰዎቹ ሁሉ ለእሳቸው መንገር የፈተናውንም ነገር አብሮ የሚያፈርጠው መስሏት ይሆናል።

ሐሙስ ደረሰ። በረዶ ጥሎ ነበር። ፀዳል ከሎከሯ መጻሕፍቷን ልታወጣ ግቢው ውስጥ እያለች ስልኳ ጮኸ። የዋናው በር ጥበቃ ነው።

«እዚህ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው አለ፣» አላት። «መታወቂያ የለውም፣ ስሙም የለንም። ያንቺን ቁጥር አሳየን።»

ወደ በሩ ሮጠች። ጋሽ ለገሠ በሙሉ ልብሳቸው፣ ካፖርታቸው ላይ በረዶ ተከምሮ፣ በመስታወቱ በርና በውጭው በር መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ ቆመዋል። ጥበቃው ወጣት ነው፤ አላመናጨቃቸውም፤ ወንበር ግን አልሰጣቸውም። ሲያይዋት ፈገግ አሉ።

«ያ አዲስ ልጅ አላወቀኝም መሰለኝ» አሉ።

«ጋሽ ለገሠ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መደወል ነበረብኝ።»

«ምነው፣ ክፍሉ ተቀየረ?»

«ቆሟል። ፕሮግራሙን ካንስል አድርገውታል።»

«ለዛሬ?»

«ለሁልጊዜ።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። በረዶው ጫማቸው ላይ ረገፈ። «ከበቡሽም?»

«ሁሉም።»

ጋሽ ለገሠ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያንን ነገር በመናገሬ ነው» አሉ።

«አይደለም። በፍጹም አይደለም። የእርስዎ ነገር እኮ ነው ሁሉን ያስጀመረው። ይሄ ከላይ የመጣ ነው፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው።»

«መንግሥት በእኔ ሽንት ምን አገባው?»

ልታስረዳቸው ሞከረች። ስለ ቢሮው፣ ስለ ተሰረዙት ቃላት፣ ስለ ምርምር ገንዘቡ አወራች። እያወራች ነገሩ ለራሷም ተረት ተረት መሰላት። ጋሽ ለገሠ በትዕግሥት ሰሟትና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ አትድከሚ። ሴት ልጆች ባሉበት ክፍል እንደኔ ያለ ሽማግሌ ያንን ማውራት አልነበረበትም። ጠየቀኝ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ። የሆነ ወላጅ ከስሶ ይሆናል። አጥፍቻለሁ።»

መኪናዋ ውስጥ አስገብታ አውሮራ ድረስ ወሰደቻቸው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታላቸው ሳለ ይንቀጠቀጡ ነበር። ፔኦሪያ መንገድ አካባቢ ሲደርሱ «ትምህርትሽስ?» አሏት።

«ደህና ነው» አለች።

«ጎሽ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቤታቸው ድረስ በመስኮቱ ሲያዩ ሄዱ።

ቅዳሜ ለኳሱ አልመጡም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጡም። አቶ ሕሩይ ደጋግመው ደወሉላቸው፤ ብርድ ይዞኝ ነው፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነው ይላሉ። አንድ ምሳ ሰዓት አባቷ ፀዳልን ወጥ ቤት ውስጥ አገኟት።

«ሰውየውን ምን አላችሁት?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ፕሮግራሙ ጀምራ ሳታስበው ስለ ፈተናውም ተናገረች። እናቷ ምጣዳቸውን ከእሳቱ ላይ አውርደው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቷ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

«ለማን ለማን ተናግረሻል?» አሉ አቶ ሕሩይ።

«ለማንም።»

«ደህና አድርገሻል። እንዳትናገሪ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት የመጣ እንግዳ ዶክተር ብሎ ሲጠራት አባቷ እንደ ወትሮው «ገና ተማሪ ናት» አሉ። ቃሉ ያው ነው። ፊታቸው ግን ያው አልነበረም።

ፀዳል ጋሽ ለገሠ ቤት ሄደች። በሩን ራሳቸው ከፈቱላት፤ ግቢ አሏት፣ አስቀመጧት፣ ስለ ዘመዶቿ ጤና አንድ በአንድ ጠየቋት። እሷ ስለ ጤናቸው ስትጠይቅ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። መድኃኒቱን እየወሰዱ እንደሆነ ጠየቀች። «እወስዳለሁ» አሉ። ጠበቀች፣ ተማሪዎቹን እንዳስተማረቻቸው። ጋሽ ለገሠም መጠበቋ ገባቸው። ተነሱና ሻይ ላፍላልሽ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ግንቦት ውስጥ ቢንያም ደወለላት። አባቱ ጠዋት ከአልጋቸው ሊነሱ ሲሉ ወድቀዋል፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም፤ አፋቸው ተጣሟል። ሆስፒታሉ ስትደርስ ሐኪሟ፣ ገና ሥልጠና ላይ ያለች ወጣት ሬዚደንት፣ በስክሪን ላይ ባለ አስተርጓሚ አማካይነት ቢንያምን ትጠይቀዋለች። ቢንያም አማርኛውና እንግሊዝኛው ተቀላቅሎበታል።

«ከዚህ በፊት ምልክት ነበረው?»

«ለሳምንታት ብርጭቆ ከእጁ ይወድቅ ነበር። ዳድ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት። ደህና ነኝ አለኝ። ክሊኒኩ ሲደውል ቀጠሮውን ራሱ ካንስል አድርጎታል። ኪኒኑ ካለቀ ቆይቷል፣ አላስሞላውም። አይ ዲድንት ኖው። እውነት አላወቅኩም።»

ሬዚደንቷ መልካም ሴት ናት፤ የሚደረገውን ሁሉ አደረገች። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ቢንያም ፀዳልን ኮሪደር ላይ ይዟት «አንቺ ጠይቂው፣» አላት፣ «ላንቺ ይናገራል። ምን እንደሚያመው ለማንም አልናገር ብሏል።»

አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። የሚሰማቸውን እጅ ያዘች። «ጋሽ ለገሠ፣ የሚያምዎት የት ነው?»

ዓይናቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ምላሳቸው እየከበደባቸው፣ ቃሉን እየጎተቱ «ደህና ነኝ» አሉ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ያንን ሁሉ ባያስወሩዋቸው ኖሮ ሰውየው በሽታቸውን እንደያዙ ይኖሩ ነበር ወይ? በሩ ላይ ባይመለሱ ኖሮ ለቢንያም ብርጭቆው ለምን እንደሚወድቅ ይነግሩት ነበር ወይ? ፀዳል ግማሽ ሐኪም ናት፤ ስትሮክ ከብዙ ነገር እንደሚመጣ ታውቃለች። ማንም ሊያረጋግጥላት አይችልም። ማንም ግን ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ሊላትም አይችልም። የአሜሪካውን በጋ በዚህ ሐሳብ አሳለፈችው። መጽሐፍ ገልጣ ስትቀመጥ ስለ ደም ግፊት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ትደርስና ዓይኗ እዚያው ይቆማል።

ሆኖም ፈተናውን ደግማ አለፈች። አባቷና እናቷ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እሷ ውጤቱን ዘግታ ልብስ ልታጥብ ሄደች። ትምህርት ቤት ስትመለስ ሁሉም አዲስ ፊት ነበር። ኮሚቴ ውስጥ ግቢ ያላት የለም። ሰው እንዳያናግራት ከኋላ ትቀመጥ ነበር።

በጥቅምት ኤልዳና የምትባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ካፌ ውስጥ ፈልጋ መጣች። ወላጆቿ ግሌንዴል ነው የሚኖሩት፤ የፀዳልን ነገር ከሰው ሰምታለች።

«ትናንት ክላስ ላይ አንዲት ተዋናይ ሻሽ አስራ መጣች፣» አለች ኤልዳና። «በጣም አናደደኝ። የሐሙሱን ነገር እኔ ላስጀምረው እፈልጋለሁ። ስም ሳንሰጠው፣ ዝም ብለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ትረጂኛለሽ? ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ ብለውኛል።»

ፀዳል ልጅቷን አየቻት። እውነት እንደምትናገር ታውቃለች። ይህ ነገር መደረግ እንዳለበት ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። በርቺ ልትላት አፏን ከፈተች፤ በዓይኗ የታያት ግን በሁለት በር መሀል የቆመ ሰው ነበር።

«ሰዎቹን አላውቃቸውም» አለች። «አሁን የት እንዳሉም አላውቅም።»

ኤልዳና ጥቂት ጠብቃ፣ አመስግና ተነሳች። ፀዳል ከኋላዋ ልትጠራት አስባ ነበር። አልጠራቻትም።

ጋሽ ለገሠ ሌክውድ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብተዋል። ቢንያም የሚያስታምማቸው ሰው አጥቶ ነው። እሑድ እሑድ ፀዳልና አባቷ ሊጠይቋቸው ይሄዳሉ። አቶ ሕሩይ የቅዳሜውን ኳስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩላቸዋል፤ ጋሽ ለገሠም በግማሽ ፊታቸው ፈገግ ይላሉ። ስለ ሐሙስ አይነሳም። ስለ ትምህርት ቤቱም አይነሳም።

አንድ እሑድ እዚያው ሳሉ ነርሷ ገብታ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘች። ሕመም እንዳለባቸው፣ እንቅልፍ እንደሚያጡ፣ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ጠየቀች። ጋሽ ለገሠ ለሦስቱም የለም፣ ደህና ነኝ አሉ። ነርሷ እየጻፈች ወደ በሩ አመራች። ፀዳል ብድግ አለች፤ ቆይ፣ ትንሽ ጠብቂ ልትላት ነበር። ጋሽ ለገሠ በደህናው እጃቸው ክንዷን ያዙ፤ ተቀመጭ ብለው ጎተቱ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር። ተቀመጠች።

ሲመለሱ አባቷ ነበሩ የሚነዱት። ስድስተኛው መንገድ ላይ ከወጡ በኋላ «እኔ ቡና ልቀዳ ስወጣ የነገረሽ ነገር አለ?» ብለው ጠየቋት።

«ደህና ነኝ ነው ያሉኝ።»

አቶ ሕሩይ ሌላ ነገር አልጠየቁም። እስከ አውሮራ ድረስ መንገዱን እያዩ ነዱ።